ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ

ባለፈው ቅዳሜ ስቶክሆልም፣ ሄሰልቢ ከሚባለው ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ሚስት መቅደስ ናት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው፤ አካላ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ስኪ፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ሊያስተምሯት ይወስዷታል፤ ጫማውን ከሚያከራዩበት ቤት ቀደም ብላ ልትሞክር ሄዳ ተናዳ ተመልሳለች።

«እትዬ አስካለ፣ አከራዩ እግሬን ጭብጥ የሚያደርገውን ካልወሰድሽ አለኝ። ጣቴን ነካኝ እኮ! ሌላ ሰው እምቢ ያለውን ሊያሸክመኝ ይሆን? ነገ ሁለት ቁጥር ልጨምርበት?»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። «ቆይ፣ መልሼ ልደውልልሽ» ብዬ ዘጋሁት።

እኔ በሃያ አራት ዓመቴ ለትምህርት መጥቼ ሮግስቬድ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር የማልጠረጥረው ነገር አልነበረም። የአውቶቡስ ሾፌር ፈገግ ካለልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ጎረቤቴ ኬክ ጋግራ ስታመጣልኝ አሽትቼ ነው የምበላው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እየተባልኩ ነዋ ያደግሁት! በጫማ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ልጅ ሆኜ እናቴ መርካቶ ይዛኝ ስትሄድ፣ ነጋዴው ልኬ ካለቀበት ጠባቡን አውጥቶ «ግድ የለም እመቤት፣ ሲለበስ ይለቃል» ይላል። እናቴ እጄን ጎትታ ትወጣለች። እሷ የምትገዛልኝ ለዘንድሮ ሳይሆን ለከርሞ የሚሆነውን ነው፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅጥቄ እሄዳለሁ።

ጌታሁን ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ የመጣ ተማሪ ነበር። ዝምተኛ፣ ካፖርቱ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የጎደለው። በጥር መጨረሻ «አስካለ፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ። እስከ ፋሲካ አስቢበት» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ጠረጠርኩት። ምን አይቶብኝ ነው? የመኖሪያ ወረቀት ፈልጎ እንዳልል፣ እሱም እኔም ተማሪ ነን። ሳምንቱን ሙሉ ምክንያት ስፈልግለት ሰነበትኩ።

ቅዳሜና እሑድ በከተማው ደቡብ ባለች ትንሽ ኮረብታ ሥር የስኪ ዕቃ የሚያከራይ ሽማግሌ ስዊድናዊ ዘንድ ይሠራ ነበር። ሁዳዴ እንደገባ አንድ ቅዳሜ ወሰደኝ። የማከራያ ቤቷ እርጥብ ሱፍና የሰው እግር ትሸታለች። ጌታሁን ተንበርክኮ እግሬን በማስመሪያ ለካ፤ ከደረብኳቸው ሁለት ካልሲዎች ወፍራሙን አወለቀና ስዊድኖች ፒየክሶር የሚሉትን፣ እንደ ባልዲ የደረቀ የስኪ ጫማ አጠለቀልኝ። ዘለበቶቹን አንድ በአንድ ቆለፈ።

«ስትቆሚ ጣትሽ ጫፉን ይንካ። ጉልበትሽን ስታጥፊ ወደ ኋላ ይሸሻል። ተረከዝሽ ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም።»

«ጠበበኝ።»

«መጥበቡ ነው ደጉ። ትንሽ ስትሄጂበት ይለቃል።»

ይለቃል! የመርካቶው ነጋዴ ስቶክሆልም ድረስ ተከትሎኝ መጣ አልኩ በሆዴ። በዚያ ላይ ሽማግሌው በስዊድንኛ አንድ ነገር አለውና ሁለቱም እኔን አይተው ሳቁ። ቋንቋው ገና አይገባኝም። መደርደሪያው ላይ ሰፋፊ ሰፋፊው ተደርድሯል። ለራሳቸው ሰዎች ያስቀመጡት መሆን አለበት፤ ለእኔ የተረፈው ይሄ ነው።

«እሺ» አልኩት።

ስኪውን ሊያመጣ ሲወጣ ዘለበቱን ፈትቼ ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን አነሳሁ፤ ወፍራሙንም ካልሲ መልሼ ደረብኩ። እፎይ! እግሬ እንደ ጌታ ተንፈላሰሰ።

ኮረብታው ላይ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ዓይን ይወጋል። ጌታሁን ከታች ቆሞ እጁን ዘርግቶ «አለሁልሽ፣ ነይ!» ይላል። ተነሣሁ። እግሬን ወደ ግራ ሳዞር እግሬ ጫማው ውስጥ ይዞራል፤ ስኪው ግን እኔን ከመጤፍ ሳይቆጥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። «ጌታሁን፣ ዞር በል!» ብዬ ጮህኩ። ዞር አላለም። ሄጄ ተላተምኩበትና ተያይዘን ወደቅን፤ የእጁ አንጓ ከሥሬ ታጠፈ።

እጁን ይዞ እያቃሰተም ቢሆን መጀመሪያ ያየው የእኔን እግር ነው። ጫማውን ያዝ ሲያደርገው ዘለበቱ እንደተቆለፈ ወልቆ መጣለት። ቁጥሩን አየ።

«መቼ ቀየርሽው?»

«ስትወጣ።»

«ለምን?»

«ይለቃል አልከኝ። ነጋዴ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኔ ነጋዴሽ ነኝ?»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አይ እኔ! «መጀመሪያ ከሰውዬው ጋር ምን እንዳሳቃችሁ ንገረኝ» አልኩት። አልነገረኝም፤ እስከ ዛሬም አላውቀውም።

«ጫማው ምንም አይደለም» አለ በረዶውን ከካፖርቱ እያራገፈ። «እሺ ብለሽኝ ዞር ስል መቀየርሽ ነው። ነገ በትዳራችንም እንዲሁ ነው የምታደርጊኝ።»

ያመጣሁትን ዳቦ በድንች ወጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን በላን። እጁ አብጦ ስለነበር ዳቦውን የቆረስኩለት እኔ ነኝ። ከዚያ እስከ ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ፣ ድረስ ሸኘኝ።

በሕማማት ሳምንት እሺ ልለው ሄድኩ። በሩ ላይ እንደቆምኩ «የጋብቻ ጥያቄዬን ትቼዋለሁ፣ አስካለ። አትቀየሚኝ» አለኝ። ሌላ ሴት አግኝቶ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። አላገኘም ነበር፤ ያገባው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሠርጉ ላይ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

እኔም በኋላ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ተመስገን። መጠርጠሬ አይቆጨኝም፤ ሰው አገር ላይ ብዙ ነገር አትርፎኛል። የሚቆጨኝ ጥርጣሬዬን በሆዴ ይዤ በአፌ እሺ ማለቴ ነው። ያኔ ጌታሁንን ፊት ለፊት ብጠይቀው ኖሮ ቢበዛ ይስቅብኝ ነበር።

ለመቅደስ ደወልኩላት። «አንድ ስስ ካልሲ ብቻ አድርጊ። ሰውዬው አልዋሸሽም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነዎት፣ እትዬ?»

«ካላመንሽው ዓይኑን እያየሽ አላመንኩህም በይው። እሺ ብለሽው ዞር ሲል እንዳትቀይሪ ብቻ።»

«ኧረ እትዬ፣ እሱ ምን ገዶት? አከራይ አይደል እንዴ!» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው፤ የእሷ ሰውዬ አከራይ ብቻ ነው። የእኔ ግን ሊያገባኝ የፈለገ ሰው ነበር።