አሜን ያልተባለለት ምርቃት

ወንድሜ ከዐረብ አገር ለእረፍት የመጣ ሰሞን፣ ምግብ ጠረጴዛችን ላይ መዳፉን ዘርግቶ ከሰማይ እንዴት እንደሚወርድ አሳየኝ። እኔ ግን መዳፉን እያየሁ የማስበው ስለ ጭኑ አጥንት ነበር።

ሥራው ፓራሹት ማጠፍ ነው። ሰዎች ለደስታ ብለው ከአውሮፕላን የሚዘሉበት ቦታ ተቀጥሮ፣ ዘለው የጣሉትን ጨርቅ ይሰበስባል፣ ገመዱን ያፍታታል፣ አየሩን በጉልበቱ ተጭኖ ያስወጣና መልሶ ቦርሳው ውስጥ ያስገባዋል። እዚህ ዲላ «ወንድምሽ ምን እየሠራ ነው» ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ «ጨርቅ ያጥፋል» እያልኩ አልፌዋለሁ፤ ውሸትም አልነበረም። እያደር ግን በገዛ እጁ ያጠፈውን አዝሎ ራሱ መዝለል ጀመረ። የሰማሁ ጊዜ ተኮራርፈን ከረምን፤ ከዚያ ለመድኩት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ያሳደጉትን ልጅ ደግሞ ተቆጥቶ ተቆጥቶ መልመድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል።

አሁን የመጣው ግን ሌላ ነገር ይዞ ነው። ጠረጴዛውን መሬት አደረገውና መዳፉን ከላይ ቀስ እያለ አወረደው። ፓራሹቱ ከተከፈተ በኋላ ብዙው ሰው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ዝግ ብሎ ይወርድና፣ መጨረሻ ላይ ፍጥነት የሚቀንሱትን ሁለት የገመድ መያዣዎች ወደ ታች ስቦ፣ ከደረጃ እንደሚወርድ ሰው እግሩን መሬት ላይ ያስቀምጣል። እስከዚህ ድረስ ተግባብተናል። ከዚያ መዳፉን አጋደለው። መሬት ሲቃረቡ ሆን ብለው በኃይል የሚዞሩ አሉ አለኝ። ሲዞሩ ፓራሹቱ አፍንጫውን ደፍቶ ይወረወራል፣ ፍጥነት ያገኛል፣ መሬቱን ሊነካ ሲል ቀና ይልና ሣሩን እየዳበሰ ረጅም መንገድ ይበርራል። መዳፉ በስኳር ዕቃው አናት ላይ ሽው ብሎ አለፈ። ፓራሹቱ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ይብሳል። እሱም አነስ ያለውን ገዝቶ፣ አስተማሪ ይዞ፣ ይህንኑ ሊማር ነው።

ዝቅ ብለህ መዞር ከጀመርክስ ብዬ ጠየቅኩት።

«መሬቱ ይቀድመኛል» አለ።

እኔ የአጥንት ክፍል ነርስ ነኝ። መሬት ሲቀድም ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ አያስፈልገኝም፤ ከሞተር የወደቀውን፣ ከአቮካዶ ዛፍ የወደቀውን፣ ከግንባታ ላይ የወደቀውን ስቀበልና ጄሶ ሳሥር ነው የምውለው። ወንድሜ ግን መደበቅ አያውቅም፤ ያልጠየቅኩትንም ጨመረልኝ። እሱ ያያቸው የተጎዱ ሰዎች ፓራሹት እምቢ ብሏቸው አይደለም። ደህና ተከፍቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ራሳቸው ዝቅ ብለው ዞረው ነው። ይህን የነገረኝ እንዳምነው ብሎ ነው መሰለኝ። እኔ ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው አልኩት። ሳቀና የመጣበትን ጉዳይ ተናገረ።

«እቴቴ፣ ምረቂኝ።»

ቤታችን ውስጥ አዲስ ነገር ያለ ምርቃት አይጀመርም። ታላቅ ይመርቃል፣ ታናሽ ጎንበስ ብሎ አሜን ይላል። አሜን ካልተባለ ምርቃቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል ትል ነበር እናታችን። አባታችን ቀድሟት ሞቷልና፣ እሷ ስትሞት የመመረቁ ነገር በልጅነቴ እኔ ላይ ወደቀ። ለፈተናው መርቄዋለሁ፣ ለመንገዱ መርቄዋለሁ፣ አንዴ እንዲያውም ለኳስ ግጥሚያ መርቄው ተሸንፎ መጥቶ ተቆጥቶኛል። ይህን ግን አልመርቅም አልኩት። ገደል ለሚገባ ሰው ደህና ግባ አይባልም። አልተከራከረኝም፤ ስኳር ዕቃውን ወደ ቦታው መልሶ ተነሣ፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ አየሁ።

እውነቱን ለመናገር ያስፈራኝ ፓራሹቱ ብቻ አልነበረም። የኛ ቤት በሽታ አለ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባል። አባታችን አስተማሪ ነበር፤ የተከበረ፣ ቁጥብ ሰው። አንድ ቀን ይርጋጨፌ ሊሄድ መናኸሪያ ወጥቶ የሐዋሳ መኪና ላይ ተሳፈረ። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል ስሕተቱ ታወቀ፤ ሰው ሳቀ። አባቴ ግን አልወረደም፤ «ሐዋሳ ጉዳይ አለኝ» ብሎ ሄዶ፣ እዚያው አድሮ ተመለሰ። ምን ጉዳይ እንደነበረው እስኪሞት ድረስ አልነገረንም።

ወንድሜም የሱ ልጅ ነው። ትንሽ ሳለ ከጎረቤት ማንጎ ዛፍ እዘላለሁ ብሎ ለሰፈር ልጆች ለፈፈ። ቅርንጫፉ ላይ ሲደርስ ፈራ፤ ከታች ቆሜ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ውረድ፣ ተወው አልኩት። ልጆቹ ግን አንጋጠው እያዩት ነበርና ዘለለ። የግራ እጁ አንጓ ዛሬም ትንሽ ጠመም ያለ ነው። ያ ፊት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። መሃል ላይ ሲደርስ ዝቅ ማለቱን ቢያውቅ፣ ሰው እያየው ዙሩን ይተወዋል ወይ?

እንዲህ በልባችን ቅር እንደተሰኛኘን ከዲላ በላይ ደጋው ላይ ወዳለው ቡሌ ወጣን። እኔ ትምህርት ቤት ስውል እሱን አዝላ ያሳደገች፣ እንደ እናት የምናያት ጌዴኦ ሞግዚት አለችን፤ ትዳር ይዛ ቡሌ ከገባች ቆይታለች፣ አሁን አርጅታለች። ሳያያት ቢመለስ አትምረውም። ትኩስ ቆጮ በቅቤ አቀረበችልን፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ምድጃው ዳር ተጠጋግተን ተቀመጥን። ሥራውን ጠየቀችው፤ ነገራት። አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና «ከላይ ስትወርድ ማነው የሚቀበልህ?» አለችው። «ማንም» አላት። በጣም አዘነችለት። እየደጋገመች ጭንቅላቱን ስትዳብስ፣ እኔ ዕቃ የማነሣሣ መስዬ ወጣሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ ሰለቸኝ። በየጊዜው ቡሌ የሚያመላልሰኝን ባለሞተር ጠራሁት፤ ሦስታችን በአንድ ሞተር ሄድን፣ እኔ በቀሚሴ ምክንያት ጎኔን ሰጥቼ፣ ወንድሜ ከኋላዬ። ዳገቱ አልቆ መንገዱ ቁልቁለቱን ሲጀምር ባለሞተሩ እንደ ልማዱ ሞተሩን አጠፋው። ቤንዚን ለመቆጠብ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ድምፁ ጠፋና የሚሰማው ነፋሱና የጎማው የጠጠር ድምፅ ብቻ ሆነ። ያችን ሰዓት እወዳታለሁ። እንሰቱ በግራ በቀኝ ይሸሻል፣ ጭጋጉ ፊቴን ያረጥበዋል፣ ሲስተር ብሎ የሚጠራኝ የለም። እንደ ሁልጊዜዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወንድሜ ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘና አቁም አለው። ባለሞተሩ የቀለደ መስሎት ሳቀ። እንደገና አቁም ሲለው ድምፁ ሌላ ነበር። ቆመ። ወንድሜ ወረደ። ከአውሮፕላን የሚዘለው ልጅ ቡሌ ቁልቁለት ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ሄልሜቱ የታል፣ ፍሬኑ መቼ ታየ፣ ቢበጠስ በምን ታቆመዋለህ እያለ ባለሞተሩን አፋጠጠው። ባለሞተሩ «እግዚአብሔር አለ» አለው፤ ከዚያም ወደ እኔ እያየ «ሲስተር እኮ ለምደዋል» አለ።

ሒሳቡን ሰጥቼ አሰናበትኩትና በእግራችን መውረድ ጀመርን። ልሳቅ ወይስ ልቆጣ እያልኩ ብዙ ሄድን።

በመጨረሻ ተናገረ። «እኔ ከመዝለሌ በፊት ነፋሱን አያለሁ፣ ገመዱን አያለሁ፣ ሰውነቴን አዳምጣለሁ። አንቺ ዓይንሽን ጨፈንሽ እኮ፣ እቴቴ።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባልላት እኔው ሆኜ ተገኘሁ። በዚያ ቁልቁለት ላይ ከሞተር የወደቁትን ስንቱን እንደተቀበልኩ ራሴ አውቃለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ያንን ሁሉ ከጋውኔ ጋር አውልቄ ሰቅዬ ነው የምሄደው። ሚኒባስም ነበረ፤ መጠበቅ ሰልችቶኝ ነው ማለት ሙሉ እውነት አይደለም። ያችን ዝምታ ፈልጌ ነው። ይህን ነገርኩት። ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። ክንዴን ያዘኝና ታዲያ የኔም እኮ ያው ናት አለኝ፤ መሬቱ በእግሬ ሥር ሲሮጥ ሌላ ምንም አላስብም አለኝ። የሚለው ገባኝ። መግባቱ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ፤ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር በቁጣ እንደማይተው ራሴን አይቼ አወቅሁ።

አንድ ነገር ተስማማን፤ እኔ ሞተሩ በጠፋ ሞተር ላይ አልቀመጥም፣ እሱ አስተማሪው ሳይፈቅድለት ወደ አነስተኛው ፓራሹት አይሻገርም። ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኩት። ዙሩን ጀምረህ ዝቅ ማለትህን ብታውቅ ምን ታደርጋለህ አልኩት። ሁለቱን መያዣዎች ስቦ፣ ዙሩን አቋርጦ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ጀማሪ መውረድ ነው አለኝ፤ የተማሩት ይህን ነው።

«ሰው እያየህ ቢሆንስ?»

ጭጋጉ ውስጥ በቅሎ የሚጎትት ሰው አለፈን፤ ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ወንድሜ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ ቃል አልወጣውም። እዚያ ሚኒባሱ ደረሰብንና ተሳፈርን።

የሄደ ቀን ጠዋት መናኸሪያ ሸኘሁት። ሻንጣውን ጭነው ሲጨርሱ ከፊቴ ቆሞ ጎንበስ አለ፤ ምረቂኝ አላለም። እጄን ራሱ ላይ ጫንኩ። ለዝላዩ የሚሆን ምርቃት በአፌ አልመጣም፤ እምቢ ማለቱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነው።

«ጀምሮ መተውን ይስጥህ። ሰው እያየህ መመለስ ያስችልህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ ያለ ምርቃት ሰምቶ አያውቅም፤ እኔም ብሆን ሰምቼ አላውቅም። አሜን በል ልለው ነበር፤ አሜን በል ተብሎ የሚለመን ነገር አይደለምና ተውኩት። ረዳቱ ግቡ ግቡ አለ። ወንድሜ አቀፈኝ፣ ጉንጬን ሳመኝ፣ ገባ። አሜን አላለም። ዋሽቶ ቢለው ኖሮ ይቀለኝ ነበር መሰለኝ፤ ግን ነገርኳችሁ፣ መደበቅ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። በስልክ ስናወራ ስለ ዙሩ አልጠይቀውም፣ እሱም ደህና ነኝ ይለኛል። አነስተኛውን ፓራሹት አስተማሪው እንደፈቀደለት ነገረኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት አቃተኝ፤ እሺ አልኩት። እኔም ቃሌን ጠብቄ ባለሞተሩን ቁልቁለት ላይ ሞተሩን እንዳያጠፋ እቆጣዋለሁ፤ ሲስተር ፈሪ ሆነዋል እያለ ያማኛል።

አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ ቪዲዮ ላከልኝ። ጽሑፍ የለውም። ለመክፈት ፈራሁ፤ የታማሚዎቹን አልጋ እየዞርኩ ትቼው ቆየሁ፤ መጨረሻ ላይ መስኮቱ ዳር ቆሜ ከፈትኩት። አሸዋ መሃል የተተከለ አረንጓዴ ሣር ነው፤ ከአንድ ዳር ሰዎች በጥላ ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ከላይ ትንሽ ቀይ ፓራሹት ይመጣል። ተጋደለ፣ መዞር ጀመረ፣ አፍንጫውን ደፋ። ከዚያ መሃል ላይ ሁለት እጆች ወደ ታች ሲወርዱ አየሁ። ፓራሹቱ ተንገጫገጨ፣ ቀጥ አለ፤ ዙሩ ቀረ። ወንድሜ ከሣሩ ውጪ አሸዋው ላይ ወርዶ፣ ትንሽ ሮጦ፣ ተደናቅፎ በመቀመጫው ዘጭ አለ። ቪዲዮውን የሚያነሣው ሰው ይስቃል። ጥላው ሥር ያሉት ያፏጫሉ፣ ያጨበጭባሉ፤ ጭብጨባው የአክብሮት እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ወንድሜ ተነሣ። ፊቱን አወቅሁት፤ የማንጎው ዛፍ ላይ ያየሁት ፊት ነው፣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ገመዱን እየጎተተ ወደ ካሜራው መጣ፤ ከአፉ አሸዋ ጠረገ፤ ከዚያም እዚያ ካሉት ሰዎች አንዱም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ወደ እኔ እያየ «አሜን» አለ።

ቪዲዮው እዚያ ላይ አለቀ። አጠገቤ ካለው አልጋ ላይ እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሯል፤ ምነው ሲስተር፣ መርዶ ነው እንዴ አለኝ። እንባዬን በጋውኔ እጅጌ ጠረግኩ።

«አይደለም» አልኩት፤ «ወንድሜ በደህና ገባ።»