ሜዳው ተከፈተ፣ በሩ ተዘጋ

በሬድ ኤልም ከተማ ቬርና ኮላሪክን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም ይባል ነበር። የኔብራስካ ነፋስ ብርቱ ነው፤ የቬርና ድምፅ ግን ነፋሱን ሰንጥቆ ያልፋል። የኮሌጁ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በከተማው በሚጫወትበት ቅዳሜ ሁሉ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «ኧረ አንተ፣ መነጽርህን ጥረግ!» ስትል፣ መነጽር የሌለው ዳኛ እንኳ እጁ ወደ ዓይኑ ይሄዳል።

ባሏ ኤሚል ደግሞ የዝምታ ሰው ነበር። ዕድሜውን የፈጀው በዚያው ስታዲየም፣ ሣር ሲያጭድና ነጩን መስመር ሲቀባ ነው። የተዋወቁትም እዚያው ነው። ቬርና ገና ወጣት ሳለች መንገድ ለማሳጠር ብላ በሜዳው ውስጥ ስታቋርጥ፣ ያልደረቀውን መስመር ረግጣ አበላሸችው። ኤሚል ጫማዋን አየ፣ መስመሩን አየ፣ ከዚያ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ሰጣት። «ተቆጥቶኝ ቢሆን ኖሮ የአፌን ነግሬው እሄድ ነበር፤ ዝም ሲለኝ ነው የተያዝኩት» ትላለች።

ልጅ አልወለዱም። ኤሚል ጡረታ ወጥቶ ጥቂት እንደቆየ ደም በአንጎሉ ፈሰሰና ቀኝ ጎኑ ሰለለ፤ ያችው ያለችው ጥቂት ቃልም ከአፉ ጠፋች። ቬርና ቤት ውስጥ ላስታምመው ብላ ታገለች። አንድ ቀን ከመታጠቢያ ቤት ስታወጣው ጉልበቷ ከዳትና ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘረሩ፤ ጎረቤት እስኪደርስ ድረስ እዚያው ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ ወዲያ የከተማው የአረጋውያን መጦሪያ አስገባችው። ግን አልተለያዩም። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ትሄዳለች፤ አጠገቡ ተቀምጣ ታጎርሰዋለች፤ የከተማውን ወሬ ትነግረዋለች፤ ያልመለሰላትን ራሷ ትመልስለታለች። ኤሚል ከእሷ እጅ ካልሆነ ደህና አድርጎ አይበላም ነበር።

ከዚያ በመጋቢት የኮሮና ወረርሽኝ መጣና የመጦሪያው በር ተዘጋ።

የቬርና ጉብኝት በመስኮት ሆነ። ከመስኮቱ ሥር ያለውን አበባ ረግጣ ትቆማለች፤ የፀሐዩ ነጸብራቅ እንዳይጋርዳት ካርቶን ከግንባሯ በላይ ትይዛለች። ከውስጥ ሮሳውራ የምትባለው አስታማሚ ስልኩን በኤሚል ጆሮ ላይ ትይዝለታለች።

«ኤሚል! ትሰማኛለህ ወይ!» ትላለች ቬርና።

«ወይዘሮ ቬርና» ትላለች ሮሳውራ እየሳቀች፣ «እንዲህ ከጮሁማ ስልኩ ለምን አስፈለገን? መንደሩ ሁሉ ሰማዎት እኮ።»

«መንደሩ ለምዶኛል፤ አንቺ ስልኩን ያዥ።»

በሰኔ ግን ሮሳውራ መሳቁን ተወች። ኤሚል አፉን መዝጋት ጀምሮ ነበር። ማንኪያውን ስታቀርብለት ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። የሸሚዙ አንገት እየሰፋው ሄደ። ቬርና ከመስታወቱ ወዲህ ቆማ፣ «ብላ እንጂ! ብላ!» እያለች ትለምነዋለች፤ እሱ ግራ መዳፉን መስታወቱ ላይ ያስቀምጥና ያያታል።

ነሐሴ ሲገባ የከተማው ወሬ አንድ ብቻ ሆነ፤ ኳሱ ይጀመራል ወይ? ቢጀመርስ ሰው ይገባል ወይ? ከስታዲየሙ ማዶ መጠጥ ቤት ያለው ላድ ሴድላቼክ አንድ ከሰዓት በኋላ ቬርና ደጅ መጥቶ ከደረጃው ሥር ቆመ። ላድ የኤሚል ሚዜ ነበር።

«ቬርና፣ ሐሙስ ስብሰባ አለ። ተመልካች ይግባ አይግባ የሚቆረጠው ያን ዕለት ነው። አንቺ ከተናገርሽ የመቶ ሰው ያህል ነው።»

«መጀመሪያ ጭንብልህን ወደ ላይ ሳበው። አገጭህ አያስነጥስም።»

«ወይ አንቺ ሴትዮ!» ላድ ጭንብሉን ሳበ። «አትቀልጂ፤ እውነቴን ነው። ያለ ቅዳሜ ጨዋታ እስከ ገና አልዘልቅም። ሠራተኞቼን አሰናብቻለሁ። ሌላውም እንደኔው ነው። ይህች ከተማ ከበቆሎና ከኳስ ሌላ ምን አላት?»

«አውቃለሁ።»

«አንቺስ አልናፈቀሽም?»

ቬርና ወደ ስታዲየሙ መብራት ምሰሶዎች ተመለከተች። «ጉሮሮዬ ዝጎ የለም?» አለች። «እመጣለሁ።»

በእርግጥም ለመደገፍ ነበር ያሰበችው። ዳሩ ግን ስብሰባው ሊደርስ ሲል የመጦሪያው ኃላፊ ቤተሰቦችን ከግቢው ዛፍ ሥር ሰብስባ አዲስ ነገር ነገረቻቸው። በመስከረም አጋማሽ ዘመዶች አንድ በአንድ መግባት ሊፈቀድላቸው ነው፤ ግን የሚወሰነው በወረዳው ውስጥ ባለው የበሽታው መጠን ነው። ዝቅ ካለ በሩ ይከፈታል፣ ከፍ ካለ ይዘጋል። «በእኛ እጅ አይደለም» አለች ኃላፊዋ። «በከተማው እጅ ነው።»

ቬርና መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ተቀመጠች።

ስብሰባው የተደረገው ከብት በሚታይበት የትርኢት አዳራሽ ነበር፤ ወንበሮቹ ተራርቀው፣ የግድግዳው ማራገቢያ እያጓራ። የኮሌጁ የስፖርት ኃላፊ ወጣቱ ፖልማን ተነስቶ አስረዳ። ከአራት ወንበር በአንዱ ብቻ ሰው ይቀመጣል፤ በአንዱ በር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፤ ሁሉም ጭንብል ያደርጋል። ደህና አድርጎ አስቦበታል፤ ሰውም አጨበጨበለት።

ቀጥላ የወረዳው የጤና ሐኪም ዶክተር ዊርት ተነሳች። ድካም ከፊቷ ላይ ይነበባል። «ሜዳው ክፍት አየር ነው፤ እሱ ብቻ ቢሆን ይሄን ያህል ባልፈራሁ» አለች። «እኔን የሚያስፈራኝ ከጨዋታው በፊትና በኋላ ያለው ነው። መኪናው፣ መጠጥ ቤቱ፣ የየቤቱ ግብዣ።»

«እንግዲያው ቤተ ክርስቲያኑንም ዝጊው!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከኋላ።

ላድ ለቬርና በራሱ ምልክት ሰጣት። ተነሳች። ገና ሳትናገር ጭብጨባ ተቀበላት።

«አታጨብጭቡ» አለች። «ይህን ልጅ ስሰማው ቆየሁ። ጎበዝ ነው። ለእያንዳንዱ ወንበር፣ ለእያንዳንዱ በር አስቧል። እናንተም ስንት ሳምንት ሙሉ በዚህ ጉዳይ ስትመክሩ ነው የከረማችሁት። ኤሚልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መስመሩን ሲቀባላችሁ ኖሯል። እሱ ከመጋቢት ጀምሮ የሰው እጅ ያለ ጓንት አልነካውም። ለእሱ በር እንዴት እንደሚከፈት አንድ ምሽት ተሰብስቦ የመከረ አለ?»

ቬርና ወደ ላድ ተመለከተች፤ እሱ ዓይኑን አሸሸባት።

«በመስከረም ይከፈታል ብለውኛል፣ በሽታው ካልበዛ። ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው እስከዚያ እንድትታገሱ ነው። ጨዋታው ይደረግ። እኛ በራዲዮ እንስማው።»

«ባልሽ ስለታመመ እኛ ቤታችን እንቀመጥ?» አለ አንድ ድምፅ።

«እኔ ቤቴ ተቀምጫለሁ። አንተ ጥቂት ቅዳሜ አቃተህ?»

ሰዉ ተንጫጫ። የደገፏት ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ዓይናቸውን ነፈጓት። በመጨረሻ የከተማው ሸንጎ በትንሽ የድምፅ ብልጫ ወሰነ፤ ሩብ ያህል ተመልካች ይገባል።

ላድ መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰባት። ጆሮው ቀልቷል። «እኔው ራሴ ለምኜ አመጣሁሽ፣ አንቺ ደግሞ በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«አንተን አልተናገርኩም።»

«ኤሚል ራሱ ቢጠየቅ፣ ክፈቱት ነው የሚለው።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ቬርና። «ማን ጠየቀው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ላድ በመንገድ ሲያያት ወደ ማዶ ይሻገር ጀመር።

መስከረም ሲጋመስ፣ በከተማው የሚደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ ገና ሳይደርስ፣ የመጦሪያው በር ተከፈተ። ቬርናን ካባ አለበሷት፣ ጭንብል ላይ የፕላስቲክ የፊት ከለላ ደረቡላት፣ ጓንት አጠለቁላት። ኤሚል ስትገባ ሲያያት ፈራ፤ ወደ ግድግዳው ሸሸ። «እኔ ነኝ እኮ፣ አንተ ቂል» ስትለው ግን ፊቱ ተፈታ። ድንች በወተት ተደፍጥጦ ቀርቦ ነበር፤ ሳህኑን እስኪጠርግ በላላት። ሮሳውራ በሩ ላይ ቆማ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

ከዚያ ኤሚል በግራ እጁ የጓንቷን ጣት ይዞ ይጎትት ጀመር። ቬርና፣ «አይቻልም፣ ኤሚል» አለችው። ጎተተ። «ተከልክሏል አልኩህ።» አሁንም ጎተተ፤ ልጅ የእናቱን ቀሚስ እንደሚጎትት። ሮሳውራ ድንገት ቁም ሳጥኑ ውስጥ የምትፈልገው ነገር ያለ ይመስል ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ቬርና ጓንቱን አወለቀች። እጁን በእጇ ውስጥ አድርጋ፣ ሰዓቱ አልቋል እስክትባል ድረስ ሳትናገር ተቀመጠች። ቬርና ሳትናገር ስትቀመጥ ያ ምናልባት በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው።

ሜዳውም ተከፈተ። ቬርና ከደጃፏ ሆና የሳሳውን ጩኸት ሰማች። ስታዲየሙ ውስጥ ሰዉ እንደታዘዘው ተራርቆ ነበር የተቀመጠው። ከጨዋታው በኋላ ግን ቡድኑ ስላሸነፈ ደስታው ወደ መንገድ ፈሰሰ፤ የላድ መጠጥ ቤት እስከ አፉ ሞላ፤ ተማሪዎቹ በየግቢው ጨፈሩ። ብዙም ሳይቆይ የወረዳው ቁጥር ማሻቀብ ጀመረ። ምክንያቱ የከተማው ሥጋ ፋብሪካ ነው አሉ፣ አንድ ትልቅ ሠርግም ነበር አሉ፣ ኳሱም ነው አሉ። ከየት እንደመጣ ማንም በእርግጠኝነት አላወቀም። የመጦሪያው በር ግን ተመልሶ ተዘጋ። ቬርና ካርቶኗን ይዛ ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

በጥቅምት መጨረሻ በሽታው መጦሪያው ውስጥ ገባ። ሮሳውራም ታመመች፣ እሷ ዳነች። ኤሚል የሚታገልበት አቅም አልነበረውም። ሊሞት ሲቃረብ ቬርናን አስገቧት፤ ጧት ላይ፣ በረዶ እየወረደ፣ ትንፋሹ እየረዘመ ሄዶ ሄዶ ቀረ።

በቀብሩ ላይ ከጥቂት ሰው በላይ መቆም አልተፈቀደም። የከተማው የቼክ ተወላጆች በሚቀበሩበት መቃብር ዳር ባለው የገጠር መንገድ ላይ ግን መኪኖች ተደርድረው ነበር፣ ውስጣቸው ሰው፣ መብራታቸው በርቶ። ላድ ነበር የጠራቸው። እሱ ራሱ ታሞ ተነስቷል፤ ከስቶ፣ ካፖርቱ ከሰው የተዋሰው ይመስል ነበር።

ከሳምንት በኋላ ደጇ መጥቶ ከደረጃው ሥር ቆመ።

«ቬርና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ነኝ ወይ?»

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ ምኑን። ያን ቅዳሜ ቤቴ እንደ ወፍጮ ቤት ነበር። የመጦሪያው ወጥ ቤት ሠራተኞችም ነበሩ። ራሴ ነኝ የቀዳሁላቸው።»

ቬርና እጇን ተመለከተች። ከዚያ፣ «እኔ ጓንቴን አውልቄ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«የገባሁ ቀን። ከለከልኩት፣ እምቢ አለኝ፣ አወለቅኩ። ዶክተሯን ጠየቅኳት። በዚያ አይደለም፣ ቀኑ አይገጥምም አለችኝ። እሷ እንዲህ ትላለች፤ እኔ ግን እጄን ሳየው ይመጣብኛል።»

«ኧረ ተይ፣ ምን ነካሽ! ባልሽን እጁን ያዝሽ እንጂ ምን አደረግሽ?»

«አንተስ? እንግዳህን አስተናገድክ።»

ላድ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። «ይቅር በይኝ» አለ።

«ላድ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ለማለት እንኳ ምን እንዳደረግክ ማወቅ አለብኝ። አላውቅም። አንተም አታውቅም። ለዘላለም ላናውቅ ነው።» ይህንም ጨመረች፣ «በስብሰባው ግን ዓይንህን ነፍገኸኛል። እሱን አውቃለሁ። እሱን ይቅር ብዬሃለሁ።»

ላድ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እሷ አላባበለችውም፤ አላባረረችውምም።

ቬርና በዚያ የበረዶ ወራት ቤቷ አልተቀመጠችም። ከመጦሪያው ኃላፊ ዘንድ ሄደች፤ ከዶክተር ዊርት ዘንድ ሄደች፤ ከሸንጎው አባላት አንድ በአንድ ደጅ ጠናች። የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ወደፊት ምንም ቢመጣ፣ ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ የቅርብ ሰው እንደ አስታማሚ ተቆጥሮ፣ እንደ አስታማሚ ተመርምሮ፣ ይግባ። ወጣቱ ፖልማንም ሳትጠራው መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ በሩንና ሰዓቱን እንዴት ማከፋፈል እንደሚቻል ያዘጋጀው እሱ ነው። ደንቡ በጸደይ ወራት ጸደቀ። ያን ጊዜ ቬርና እዚያ ቤት ውስጥ የራሷ ሰው አልነበራትም።

በቀጣዩ መከር ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ። ቬርናም አንዳንድ ቅዳሜ ትሄዳለች። አንዳንዴ ትጮኻለች፣ አንዳንዴ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ዝም ትላለች፤ ጎረቤቶቿም ለምን ብለው አይጠይቋትም። ከላድ ጋር ሰላምታ አላቸው፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም።

ምሳ ሰዓት ላይ ግን መጦሪያው ናት። ቦሁሚል የሚባል፣ ጠያቂ የሌለው፣ ዓይኑ የጠፋ የቀድሞ ሥጋ ሻጭ አለ፤ እሱን ታጎርሳለች።

«ያች ለፍላፊ መጣች» ይላል ኮቴዋን ሲሰማ። «አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ኳስ አልወድም።»

«ማን ስለ ኳስ አወራህ? አፍህን ክፈት።»

«ሾርባው ጨው የለውም።»

«ሐኪሙ ነው የከለከለህ፤ እኔን አትነዝንዘኝ።»

ቦሁሚል አፉን ይከፍታል፤ እሷም ማንኪያውን እፍ ብላ ታቀርብለታለች።