ሸክላውን ሰምቼው ነበር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በጸሎቴ እንኳ ወደሱ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ፤ እግዚአብሔር የማያውቀው ይመስል። የምታነቡትን እናንተን አላውቃችሁም፤ የማላውቀው ሰው ግን ከሚያውቀኝ ይሻለኛል። የሚያውቁኝ ሁሉ ደግ እናት ናት ይሉኛል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ቃሉን ለማንበብ ብዬ፣ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። አፌን የፈታሁት በሃዲይኛ፣ አማርኛዬ የገበያ ነው። ብሳሳት ታገሡኝ። ያደረግኩት ነገር ግን ስሕተት አይደለም። ስሕተት ሳያውቁ ነው። እኔ እያወቅኩ፣ በገዛ ልጄ ላይ፣ በሐሰት መሰከርኩ።

ልጄ ማርቆስ ይባላል። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሕፃን፣ እኅቱ ሳራ ደግሞ ጡት ላይ ሳለች ነው። ባሌን የቀበረልኝ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ እንሰቴን የኮተኮተልኝም እሱ ነው። እኔ እዚሁ ሆሳዕና ገበያ ቅቤ እየሸጥኩ ሁለቱን አሳደግኩ። ማርቆስ ድምፅ ነበረው። እኛ ዘንድ መዝሙር አንድ ሰው ያወርዳል፣ ሌላው ሕዝብ ይቀበላል። እሱ ገና ጢም ሳያወጣ አውራጅ ሆነ። እሱ ሲያወርድ፣ ከሴቶች ወንበር እኔ ስቀበል፣ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላየሁም።

ትምህርት ቤት ከፍ ሲል ጊታር ያዘ። የወላጆች ቀን ነው ብለው ጠሩንና ሄድን። የጃንሆይ ሥዕል በተሰቀለበት መድረክ ላይ አራት ልጆች ወጡ፣ የመብራቱን ሞተር አስነሡት፣ ጊታሩ ሰማይ የሚቀድ ድምፅ አወጣ። ከፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ የሚጮኸው ልጄ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ጠጋ ብላ፣ «የማርቆስ እናት፣ ልጅሽን ንብ ነደፈው እንዴ?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ሄራሞ ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ ዝግጅቱ ሳያልቅ ወጡ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ቤት ስንገባ ተቆጣሁት። ይህ ጩኸት ከየት የመጣ ነው፣ እናት አባት የለውም ወይ አልኩት። ለስድብ ነበር የተናገርኩት። እሱ ግን ጥያቄ አድርጎ ወሰደው። «አለው እንጂ አማ፤ እናቱን ፈልጌ አመጣልሻለሁ» አለኝ። በእኛ ቋንቋ እናት አማ ናት።

እንግሊዝኛ የሚያስተምራቸው አንድ ፈረንጅ ነበር። ማርቆስ ዘፈኑን ከእሱ የሙዚቃ ሸክላ ላይ ነው የተማረው። የእናቴን ጥያቄ መልስልኝ ብሎ ያዘው። ፈረንጁ አገሩ ጻፈ፣ ቆይቶ በፖስታ ሌላ ሸክላ መጣ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሁለቱ ከቤቴ ተቀምጠዋል፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ማጫወቻ ከቅቤ እንስራዬ አጠገብ አኑረውታል።

መጀመሪያ የምናውቀውን ጩኸት አሰሙኝ። ጠጉራቸውን ያሳደጉ ነጭ ልጆች ናቸው አለኝ ማርቆስ። ቀጥሎ አዲሱን ሸክላ አስቀመጠ። ያው ዘፈን ነው፤ ግን ይሄኛው አይሮጥም። ፈረንጁ እየነገረው ልጄ አስረዳኝ። ቀድሞ የዘፈነው ይህ ጥቁር ሰው ነው፤ ነጮቹ ከእሱ ወስደው አስሮጡት። ጥቁሩም ቢሆን ያደገው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከሕዝቡ የቆየ መዝሙር ነው የወሰደው። መዝሙሩ «ጌታ ሆይ፣ በሩን አትዝጋብኝ» ይላል። እሱ ደግሞ ለሴት አደረገውና «በሩን አትዝጊብኝ» አለ።

እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ግን ሰማሁ። እሱ ያወርዳል፣ ከኋላው ሴቶች ይቀበላሉ። አንድ ቦታ ላይ ቃሉን ይተወውና እንዲሁ ያቃስታል። ባሌን የቀበርኩ ዕለት እኔ እንደዚያ ነው ያቃሰትኩት። እንባዬ መጣ። መቼ እንደጀመርኩ ሳላውቅ፣ በሃዲይኛ፣ በራሳችን ዜማ፣ ከሸክላው ጋር እየተቀበልኩ ነበር። ማርቆስ ተነሥቶ አጨበጨበ። «አማ፣ ተቀበልሽ! አሁን እናቱን አገኘሻት?» አለ። አገኘኋት አልኩት። በዚህ አፌ ነው ያልኩት።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ከሰሱት። ዓለማዊ ዘፈን ዘፍኗል፣ ይታገድ ተባለ። ማርቆስ፣ ዘሩ መዝሙር ነው፣ ሸክላውን ስሙልኝ አለ። እነሱም እንዲህ ያለ ነገር በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይሰማም አሉ። የእኛ ሥርዓት ደግሞ በቤት ውስጥ ለሆነ ነገር የቤት ሰው ይመስክር ይላል፤ እናት ከመሰከረች ሌላ አይጠየቅም። ልጄ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። አማ ሰምታዋለች፣ እሷን ጠይቁ አላቸው። ዕጣውን እጄ ላይ አኖረ።

ልመሰክር በተቀጠርኩበት ቀን ዋዜማ አቶ ሄራሞ ቅቤ የምሸጥበት መጡ። ፎንቆ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ሳራን አጭቶ ነበር። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሁለቱ ሸክላ ልዩነት የለውም በይ። ልጁ ትንሽ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ይመለሳል። ቤትሽ ይድናል» አሉኝ። ቅቤ አሸተቱና ጥሩ ነው ብለው ሄዱ።

ፈራሁ። የሳራ ጋብቻ ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ። ነገ ስሞት ማን ይቀብረኛል ብዬ ፈራሁ። ግን ምን ዓይነት ፍርሃት ነው እናትን አንዱን ልጇን ከፍላ ሌላውን እንድትገዛ የሚያደርጋት? ይህን ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። መልሱን ባገኘውም አልጽፈውም፤ መልስ ምክንያት ይሆናልና።

በማግሥቱ ጠዋት አቆሙኝ። «የማርቆስ እናት፣ ሁለተኛው ሸክላ ከመጀመሪያው ይለያል?» ተባልኩ።

«አይለይም» አልኩ። «ያው ጩኸት ነው።»

ልጄ አየኝ። «እናቴ እንኳ እያለቀሰች ተቀብላዋለች» ማለት ይችል ነበር። ያን ቢል ውሸታሟ እኔ እሆን ነበር። አላለም። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት እኔ አሳልፌ ሰጠሁት፣ እሱ ደግሞ ሸፈነኝ። ንስሐ እስኪገባ ታገደ። ያልበደልኩትን በደልኩ ብዬ አልዋሽም አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ መዋሸት ያቃተው እሱ ብቻ ነበር።

የታገደ ሰው ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ቁርባን አይወስድም፣ መዝሙርም አይቀበልም። ማርቆስ ጥቂት እሑዶች አፉን ገጥሞ እዚያ ተቀመጠ። ከዚያ አዲስ አበባ እሄዳለሁ አለ። አውቶቡሱ ጋ ስሸኘው፣ ቀስ ብሎ፣ «አማ፣ ያን ቀን አልተቀበልሽም ነበር?» አለኝ።

እኔም፣ «መኪናው እንዳያመልጥህ» አልኩት።

ከልጄ ጋር የተነጋገርነው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ መልእክት አልላከም፤ እኔም በምን አፌ ልላክ?

ያዳንኩት ቤትስ? የፎንቆ ሰዎች ወንድሟ የታገደባትን አንወስድም ብለው ሌላ አጩ። አቶ ሄራሞ ዘንድ ሄጄ ቤትሽ ይድናል ብለውኝ አልነበር ወይ ብላቸው፣ የልጆቹ ፈቃድ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ አሉኝ። ተከዳሁ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ። ተከዳሁ! እኔ! ይህን ቃል ከልጄ አፍ ላይ ሰርቄ ነው የተናገርኩት።

ስንት ዓመት አልፎ፣ ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ወጣት መዘምራን መጥተው ጎበኙን። ጊታር ይዘዋል። ዘመኑ ተለወጠና ማንም ምንም አላለም። አንዲት ልጅ «ጌታ ሆይ፣ በሩን አትዝጋብኝ» ብላ አወረደች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። አቶ ሄራሞ ዓይናቸውን ጨፍነው አጨበጨቡ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አለቀሰ። ከየት የመጣ መዝሙር ነው ይባባላል፤ ከአዲስ አበባ ነው ይላል ሌላው። እኔ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

ሲወጡ ልጅቷን ያዝኳት። ማን አስተማራችሁ አልኳት። «የእናንተ አገር ልጅ ነው፤ ሆቴል ቤት ጊታር ይጫወታል» አለችኝ። «ግን እማማ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢያችን አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው ያስጠናን። ለምን አትገባም ስንለው፣ ታግጃለሁ፤ የታገደ ሰው ግቢ ውስጥ አይዘምርም ይላል።»

ማንም በማያውቀው ከተማ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ልጄ ዕገዳውን ይጠብቃል። ቃሌን እኔ ረስቼው ልኖር ስሞክር፣ እሱ እስከ ዛሬ እየታዘዘው ነው።

ልጅቷ ይህንንም ጨመረች፤ ባትጨምርልኝ እወድ ነበር። «አውራጁን ከሸክላ ነው የወሰድኩት አለን። ተቀባዩን ግን ከእናቴ ነው የሰማሁት ብሏል።»

ደግሜ በልቤ አዳመጥኩት። እውነቷን ነው። የተቀበሉት በእኔ ዜማ ነበር።

ፈርቼ ነው አልልም። መበለት ስለሆንኩ ነው፣ ሽማግሌው አስገድደውኝ ነው አልልም። አቶ ሄራሞ የራሳቸውን ከጌታ ጋር ይጨርሱ። የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ሰምቼ አልሰማሁም ያልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ በማኅበሩ ፊት ልቆም ነው። አሁንም እፈራለሁ። አስቀድሜ ለማታውቁኝ ለእናንተ ጻፍኩት፤ ምላሴ ከታሰረ ይህንኑ ሌላ ሰው ለማኅበሩ ያነብልኛል። ማኅበሩን እንዲህ እላለሁ፦ ልጄን ይቅር በሉት ብዬ አልለምንም፤ እሱ እናንተን የበደላችሁ ነገር የለም። ዕገዳውን አንሡለት፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንዳይቀር አንድ ሰው ሄዶ ይንገረው። ያንን የኋላ ወንበር ለእኔ ስጡኝ። ያ መዝሙር ሲወርድ፣ እዚያ ተቀምጬ፣ አፌን ገጥሜ እሰማዋለሁ።