“በሕግ አምላክ” ሲባል

ዛሬ ጠዋት ሲግናል አካባቢ የባሕር ዛፍ አጥር ሲያፈርሱ ደረስን። የእንጨቱ ሽታ ሲመጣብኝ የልጄን እጅ አጥብቄ ያዝኩ።

ያደግኩት ከእንጦጦ ራጉኤል በታች፣ አያቴ ቤት ነው። አያቴ “ይቺ አገር የቆመችው በፈሪሃ እግዚአብሔር ነው፤ ‘በሕግ አምላክ’ ከተባለ ሹሙም ወታደሩም ባለበት ይቆማል” ይሉኝ ነበር። ልጆች ስንጣላ እንኳ እንደዚያ ስንባባል እንቆም ነበር።

አንድ ቀን ሰዎች የባሕር ዛፍ አጥራችንን አፍርሰው ግቢያችንን ሊወስዱ መጥረቢያ ይዘው መጡ። የሚያዛቸው የወንድሜ የክርስትና አባት ነበር። ያኔ ሹመት አግኝቶ ነበር። አያቴ ጋቢያቸውን አደግድገው ሰዎቹ ፊት ቆሙና “በሕግ አምላክ!” አሉ።

ሠራተኞቹ ቆሙ። አንዱማ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ቤታችን ተረፈ ብዬ ሳቅኩ።

“ኧረ አባባ፣ ይሄ እኮ የድሮ ነው፤ አያስቁን” አለ የክርስትና አባትየው። ወደ ሰዎቹ ዞሮም “ቀጥሉ!” አላቸው። አንገቱ ላይ ያለው ማተብ እስካሁን ይታየኛል።

አያቴ አልተቆጡም። “አበልጄ፣ አልሰማኸኝም መሰለኝ” አሉትና ቃሉን ደገሙት፤ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። አጥሩ እግራቸው ሥር ወደቀ።

ይህን ስነግራት ልጄ እጇን አጥብቄ መያዜን አይታ “እማ፣ ሰው ቢያባርረኝ ምን ልበል?” አለችኝ።

“ምንም አትበይ። ሩጪ።”

“እሱንስ ማን ያስቆመዋል?”

የመገናኛ ታክሲ መጣ። እጇን ሳልለቅ አሳፈርኳት።