መጥበሻው የተዘጋበት ጉዞ

ቨርሊን ታኬት በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ላይ አሥራ አራት ዓመት ምግብ ሲያበስል እንደዚያ ጉዞ ተጠልቶ አያውቅም። ከአሜሪካው ግሮተን ወደብ በወጡ በአርባኛው ቀን የመርከቡ ሐኪም ሬንፍሮ ሠራተኛውን በሙሉ መዘነ። ፀሐይ የማያይ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ምግብ የሚል መቶ ሠላሳ ሰው ነው፤ ግማሹ ወፍሮ ተገኘ። አዛዡ የድንች መጥበሻው እንዲዘጋ፣ የአይስክሬሙ ማሽን እንዲቆለፍ አዘዘ።

ትእዛዙ የአዛዡ፣ እርግማኑ የቨርሊን ሆነ።

"ይኼ ደግሞ ምንድነው?" አለ የቶርፔዶ ክፍል አለቃው ኮዛክ፣ የተቀቀለውን ዶሮ በሹካው እየገላበጠ።

"እራትህ ነዋ።"

"አንተ ቦርጫም! ራስህ በበር አታልፍ፣ እኛን በረሃብ ትጨርሰን?"

ገበታው ሁሉ አውካካ። ቨርሊን ፊቱ ደም መሰለ፤ ነገሩ እውነት ነበራ። ባለፈው ዓመት ባሕር ኃይሉ ውፍረት በሚፈትንበት የወገብ ልኬት ወድቋል፤ ዳግመኛ ቢወድቅ ከባሕር ኃይል መሰናበቱ ነው።

"ካልጣመህ ተወው። ማን በግድ አጎረሰህ?"

ኮዛክ ሳህኑን ወለሉ ላይ ደፋው። "አንሣ!"

ቨርሊን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ያፈረ አንድ መርከበኛ ጎንበስ ብሎ ጠረገው።

ከዚያ ወዲያ ቨርሊን ሥራ ሲጨርስ በሞተሮቹ መካከል የተሸጎጠችውን የስፖርት ብስክሌት ሲረግጥ ይውል ጀመር። አንድ ቀን የአሳማ ሥዕል ለጥፈውባት አገኘ። ሥዕሉን ቀዶ ጣለና ብስክሌቷን መርገጡን ቀጠለ።

ኮዛክ ግን በደበቀው የኦቾሎኒ ቅቤ ቦርጩን አሳድጎ ነበር። የወገብ ልኬቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ደንግጦ ምግቡንም ውኃውንም ተወ። በልኬቱ ጠዋት ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

"ሾርባ አምጣ! ቶሎ!" አለ ሬንፍሮ።

ቨርሊን ኩባያውን አፉ ላይ ደቀነለት። ኮዛክ እጁን ገፋው።

"ካንተ እጅ አልጠጣም።"

"መሞት ካማረህ ሙት፤ እኔ በር ላይ ግን አትሞትም። ጠጣ!"

በጥላቻ እያየው ጠጣ።

ቨርሊን ልኬቱን ለጥቂት አለፈ። በማግስቱ የተለካው ኮዛክ ወደቀ። ወደብ ሲደርሱ ለሚስቱ፣ "ያ ወጥ ሠሪ ነው በረሃብ ሊገድለኝ የነበረው" ሲላት ቨርሊን ሰማ። ሻንጣውን ጥሎ ሊመለስበት ሲል ሬንፍሮ ክንዱን ይዞ ጎተተው።

በሳምንቱ ቨርሊን ወደ ሌላ መርከብ ለመዛወር አመለከተ።