አሬራ የገባበት ሱፍ

አባቴ በጦም ይበረታሉ፣ በፍስክ ይታመማሉ። እንዲህ ስል ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ቀልዴን አይደለም።

ነገሩ የጀመረው አምና በቅበላ ሳምንት ነው። ሁዳዴ ሳይገባ ሰዉ ሁሉ ሥጋና ቅቤውን በሚያሳድድበት ሰሞን፣ አባቴ በልተው ከገበታ ሊነሡ ሲሉ ቀኝ እግራቸው እንቢ አላቸው። አፋቸውም ጠመም አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ ላሊበላ ከተማ አወረድናቸው። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ግን ሰው አክባሪ። «አባታችን፣ ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል፤ ግፊቱም ከፍ ብሏል» አላቸው። መድኃኒት ሰጣቸውና «ቅቤና ጮማ ይቅርብዎ። ተልባ፣ ሱፍ፣ ኑግ ይውሰዱ፤ ዘይትም የማይረጋውን። ሁለተኛ ከጣለዎ ላይነሡ ይችላሉ» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው።

አባቴ ቄስ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። «ይኼማ ሁዳዴ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ተመስገን፣ ቤተ ክርስቲያንና ሐኪም ተስማሙልኝ» አሉ።

እውነትም ሁዳዴው ካሳቸው። ተልባውን ከብልባላ ገበያ አመጣሁ፤ እናቴ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ ትበጠብጥላቸዋለች። ሱፉን ደግሞ ገንፈል አድርጋ ትወቅጠውና በውኃ አሽታ ታጠለዋለች፤ ወተት የመሰለው ላይ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ እንጀራ ትፈተፍትበታለች። በላስታ ብርድ እንደ ሻማ የሚደርቀውን ዘይት እኔው ራሴ ከቤት አስወጣሁትና በኑግ ዘይት ተካሁት። ሆሳዕና ሲደርስ አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ሲሄዱ አየኋቸው። እዚያው ቆሜ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ፋሲካ ደረሰና ጉዱ መጣ። ቄስ በፋሲካ ሰሞን ቤቱ አይውልም። የንስሐ ልጆቻቸው ሰው ወዳድ ናቸው፤ አንዷ ዶሮ ወጥ፣ ሌላዋ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ ታቀርባለች። «አባታችን በሞቴ፣ በአፈር ስሆን» እየተባለ ሲጎርሱ ይውላሉ። እነዚህ ደጋግ ሰዎች በፍቅር ሊገድሉብኝ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው።

«ምን ሆነዋል፣ አባ?»

«ምንም፤ ዳገቱ ነው።»

የምን ዳገት? የቆሙት በገዛ ደጃፋቸው ላይ ነው።

ዕለቱን የሱፍ ፍትፍት ሠርቼ አቀረብኩላቸው። አዩትና ገፋ አደረጉት። «በበዓለ ሃምሳ? በእነዚህ ቀናት ጦም የለም፣ ስግደትም የለም። ስንቱን አትጡሙ ብዬ አስተምሬ፣ እኔ ቤቴ ተደብቄ ልጡም? ክርስቶስ አልተነሣም ልበል?»

እኔ ደግሞ ቁጣዬ ቅርብ ነው። «እርስዎ ከሞቱ ማን ሊያስተምራቸው ነው? ቅቤው አማረኝ አይሉም እንዴ!» አልኩ። አባት ላይ፣ ያውም ቄስ ላይ እንዲህ አይጮህም። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ፈገግ አሉና «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» አሉኝ። ተልባዋ እኔ መሆኔ ነው።

ሳህኑን አንሥቼ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ተናድጄ አልነበረም፣ ፈርቼ ነው። ሐኪሙ ላይነሡ ይችላሉ ያላት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። አባቴ ደግሞ ለነፍሳቸው እንጂ ለሥጋቸው የማይሳሱ ሰው ናቸው፤ እምነታቸውን ጥሰው እንዲድኑ ብለምናቸው እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ።

እናቴ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ወተት ስትንጥ ነበር። ቅቤው ወጥቷል። ሁሉንም ሰምታለች። ሳህኑን ከእጄ ወሰደች፣ ከናጠችው አሬራ በጭልፋ ቀዳችና ፍትፍቱ ላይ አፈሰሰችው።

«ምን ማድረግሽ ነው፣ እማ?»

«ዝም በይ» አለችኝና ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«እንኩ፣ ይፍሰኩ» አለቻቸው። «አሬራ ገብቶበታል።»

አባቴ ሳህኑን አዩት። የሚከራከሩበት አንቀጽ ሲፈልጉ ያስታውቃሉ።

«አሬራ ፍስክ አይደለም ወይ?» አለች እናቴ።

«ፍስክ ነው» አሉ እያመነቱ።

«ቅቤውስ ወጥቶለት የለም?»

«ወጥቶለታል።»

«እንግዲያው ምን ይፈልጋሉ?»

አባቴ ሳቃቸው መጣ። ባረኩና ጎረሱ። እያኘኩም «ሴትዮዋ፣ አንቺ እኮ መምህር መሆን ነበረብሽ» አሏት። እሷ ወጧን ልታማስል ተመልሳ ነበር።

ወሬው የንስሐ ልጆቻቸው ዘንድ ደረሰ። ዘንድሮ በፋሲካ የጠሯቸው ሁሉ ሱፉን በአሬራ አድርገው ነው የጠበቋቸው፤ ከዶሮውም ቢሆን ቅቤ ሳይነካው ቀድመው ለብቻ ያወጡላቸዋል። ሐኪሙ ሰሞኑን አይቷቸው «አባታችን፣ እኔንም ይቀብሩኛል» አላቸው። እግዚአብሔር ይስጠው። እነዚያንም ደጋግ ሴቶች፣ ያን ተልባ የዘራውንም ገበሬ ይባርክልኝ።

ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ለእናቴ የሚሆን ለጋ ቅቤ ገዝቼ ሄድኩ። ምስጋናዬ ነው፤ እሷ የዋለችልንን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ ብዬ። ተቀብላ መረቀችኝና «ለራሴ ቅባት ይሆነኛል» አለች።

«ለዶሮሽ ነው እንጂ፣ እማ። ብይው።»

«ቅቤማ ከተውኩ ቆየሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሳቸው ከታመሙ።»

በፋሲካም ዶሮ ላይ፣ በገናም፣ በጥምቀትም አልቀመሰችም። ሁልጊዜ አብሬያት ተቀምጬ አንድም ቀን ልብ አላልኩም። «ሐኪሙ እኮ አንቺን አልከለከለሽም» አልኳት፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

«እኔንማ ምን ብሎ ይከለክለኛል። አንድ ገበታ ላይ ሁለት ወጥ ሠርቼ አላውቅም።» ቅቤውን በቅጠል እየጠቀለለች ሳቅ አለች። «ከኑግ ጋር የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል ሲባል አልሰማሽም?»

እኔ አልሳቅኩም። እጇን ከነቅቤው ያዝኩና ሳምኳት።