ከኳላ ላምፑር ባሊ ሦስት ሰዓት

እህቴ ከኳላ ላምፑር አውሮፕላን ጣቢያ በደወለችልኝ ጠዋት ሐይቅ ከተማ ተጨንቃ ነበር። ጦርነቱ ከወልዲያ ወዲህ መግፋቱ ተሰምቷል። ተፈናቃዩ ልጁን አዝሎ በአስፋልቱ ዳር ይወርዳል። "ከውጫሌ እዚህ በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል?" እያለ ጎረቤቱ ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝና።

እህቴ ዐረብ አገር የቤት ሠራተኛ ነበረች። አሠሪዎቿ ለሽርሽር ሲወጡ ልጆቹን እንድትይዝላቸው ማሌዢያ ይዘዋት ሄደዋል።

"ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ሌላ አውሮፕላን ሊያሳፍሩኝ ነው። ባሊ ነው ይላሉ። መዳም ትናንት ለባሏ 'እዚያው ትተናት እንመለሳለን' ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወላሂ፣ ለሌላ ሰው ሊሰጡኝ ነው!"

"ፓስፖርትሽስ?"

"እሷ ቦርሳ ውስጥ። ባሊ የሚባል አገር አለ? ስንት ሰዓት ያስኬዳል?"

አትላሴን አወጣሁ። በክር ከኳላ ላምፑር እስከ ባሊ ለካሁና ከካርታው መስፈርት ጋር አስተያየሁት። ወደ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሆነ።

"ሦስት ሰዓት ነው" አልኳት፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው። "ስትነሱ ሰዓት ያዢ። በሦስት ሰዓት ካረፋችሁ እውነታቸውን ነው።"

"ከበለጠስ?"

ቆም ብዬ እንኳ አላሰብኩም። "ከበለጠ ከጣቢያው እንዳትወጪ። መሬት ላይ ቁጭ በይና ጩኺ።"

ከደወለች ሦስት ሰዓት አለፈ። አራትም አለፈ። አምስተኛው ላይ በአምባሰል በኩል ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ኔትዎርክ ጠፋ። ዘመዶቻችን ወዳሉበት ወደ አርዲቦ እንሂድ ስል እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ እምቢ አለች።

"ልጄ ስትደውል ማን ያነሳላታል?"

"እማዬ፣ ስልኩ በኪሴ አይደል እንዴ!"

እጇን ይዤ እየጎተትኩ አወጣኋት። አርዲቦ ዘመዶቻችን ቤት ስንቆይ እናቴ ከየሶላቱ በኋላ ስልኩን ትቀበለኝና ወደ ኮረብታው ትወጣለች፤ ኔትዎርክ ከፍ ያለ ቦታ ይይዛል ያላት ሰው ነበር። ስትመለስ ዐይኗን አላይም። እህቴን ሦስት ሰዓት ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ።

ከሳምንታት በኋላ ወደ ቤታችን ተመለስን። ኔትዎርክ በመጣ በማግስቱ እህቴ ደወለች።

ባሊ ላይ ዝናብ ስለነበር አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ሲዞር ቆይቷል፤ ከተነሣ አራት ሰዓት ሊሞላው ሲል አረፈ። እሷም እንዳልኳት ሻንጣ መቀበያው አጠገብ ዘርፈጥ ብላ ጮኸች። መዳም ክንዷን ብትጎትት፣ ፖሊስ ቢመጣ አልነሳም አለች። በኋላ ሂጃብ የለበሰች የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብላ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ውሃ ሰጠቻትና በስልኳ ካርታ እያሳየች "ባሊ፣ ባሊ" አለቻት። ያኔ ተነሣች።

"ትተናት እንመለሳለን ያለችውስ?" አልኳት።

"ለካ የሕፃኑን ጋሪ ነው፤ በዐረብኛ ጋሪም እንደ ሴት ነው የሚጠራው፤ አንድ ጎማው ተሰብሮ ነበር። መዳም ግን ከዚያ ወዲህ አላመነችኝም። እንደተመለስን ለሌላ ቤት ሰጠችኝ።"

"ዝናቡን አላሰብኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ተወው ጋሼ። እናንተስ? ስደውል ስደውል ብትጠፉብኝ ሞታችኋል ብዬ አልቅሻለሁ።"

እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። "አለሁ፣ አለሁ" ትላለች።